የወረዳ ምክር ቤት የቋሚ ኮሚቴ ሥራ እንዴት ይሠራል? በጎጃም ለተመረጡ አዲስ አባላት

በጎጃም ገጠር ለወረዳ ምክር ቤት የሚመረጠው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ገበሬ፣ መምህር፣ ነጋዴ ወይም የግብርና ባለሙያ ነው። ለምክር ቤት ሥራው ደመወዝ አይከፈለውም፤ ሥራውን የሚሠራው ከእርሻው፣ ከማስተማሩ ወይም ከሱቁ በሚተርፈው ጊዜ ነው። በጉባኤው ቀን አዳራሽ ገብቶ ሪፖርት ያዳምጣል፣ እጁን አውጥቶ ያጸድቃል፣ የውሎ አበሉን ፈርሞ ወደ ቀበሌው ይመለሳል። በዚህ መልክ የምርጫ ዘመኑን አምስት ዓመት ሙሉ መጨረስ ይቻላል፤ የመረጠው ሕዝብ ግን አንዳች ነገር አያገኝበትም። እኔ ከጮቄ ተራራ ሥር በምትገኝ አንዲት ወረዳ በምክር ቤት አባልነት፣ ኋላም በቋሚ ኮሚቴ ጸሐፊነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት የተረዳሁት፣ አንድ አባል እውነተኛ ሥራ ሊሠራ የሚችለው ከጉባኤው በፊት በኮሚቴው ውስጥ መሆኑን፣ ኮሚቴውም ቢሆን የሚሰማው በወረቀት የቀረበለትን ነገር ቦታው ድረስ ሄዶ ሲያረጋግጥ መሆኑን ነው። ይህን መመሪያ የጻፍሁት ለዚሁ ሥራ አዲስ ለሆኑ ሰዎች ነው።

ሥልጣንዎ ከየት ይመጣል?

የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ባለሥልጣንም ሆነ ተመራጭ ተጠያቂ እንዲሆን፣ ሕዝቡም እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ለማንሣት እንዲችል ይደነግጋል። በ1994 ዓ.ም. ተሻሽሎ የጸደቀው የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት የወረዳውን ዕቅድና በጀት የማጽደቅ፣ የአስፈጻሚውንም ሥራ የመከታተል ሥልጣን ለወረዳው ምክር ቤት ሰጥቷል።

እዚህ ላይ የጎጃም ሰው ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። እንጅባራ ላይ የሚቀመጠው የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር የራሱ ምክር ቤት አለው። ደብረ ማርቆስና ፍኖተ ሰላም ላይ የሚቀመጡት የምሥራቅና የምዕራብ ጎጃም ዞኖች ግን የክልሉ መንግሥት የአስተዳደር እርከኖች ናቸው እንጂ የተመረጠ ምክር ቤት የላቸውም። ስለዚህ በማቻከል፣ በደጋ ዳሞት ወይም በሁለት እጁ እነሴ የሚኖር ገበሬ ከቀበሌው በላይ ጉዳዩን የሚመለከትለት ተመራጭ ሲፈልግ ባሕር ዳር ከሚገኘው የክልል ምክር ቤት በፊት የሚያገኘው የወረዳውን ምክር ቤት ብቻ ነው። የወረዳው ቋሚ ኮሚቴ ሳያየው ያለፈውን ጉድለት በመካከል ሆኖ የሚያይለት ሌላ የተመረጠ አካል የለም ማለት ነው።

የቋሚ ኮሚቴዎቹ ስምና ቁጥር ከወረዳ ወረዳ ሊለያይ ቢችልም፣ ብዙ ጊዜ የበጀትና ፋይናንስ፣ የግብርናና ኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊ ጉዳዮች፣ የሴቶችና ሕፃናት፣ የሕግና አስተዳደር እየተባሉ ይደራጃሉ። እንደ ተመደቡ መጀመሪያ ሊያደርጉ የሚገባዎት ወደ አፈ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ሄደው የምክር ቤቱን የአሠራር ደንብ ቅጂ መጠየቅ ነው። ምልዓተ ጉባኤ ስንት ሰው እንደሆነ፣ ስብሰባ ማን እንደሚጠራ፣ አጀንዳ ማን እንደሚያስይዝ፣ ሪፖርት ከጉባኤው ስንት ቀን አስቀድሞ ለኮሚቴው መድረስ እንዳለበት ከዚያው ደንብ ላይ አንብበው ይያዙ። ደንቡን ያላነበበ አባል ሰብሳቢው «ጊዜ የለንም፣ ወደሚቀጥለው እንለፍ» ባለ ቁጥር ዝም ይላል።

የኮሚቴው የመጀመሪያ ስብሰባ

በመጀመሪያው ስብሰባ ኮሚቴው የሚከታተላቸውን ጽሕፈት ቤቶች ለአባላቱ ያከፋፍል። አንዱ አባል ውኃን፣ ሌላው ጤናን፣ ሌላው ትምህርትን ለይቶ ቢይዝ እያንዳንዱ የያዘውን ዘርፍ ዕቅድ፣ በጀትና ችግር በጥልቀት ያውቃል፤ ሁሉም ሁሉን ልከታተል ካለ ግን ማንም ምንም አያውቅም። የስብሰባውን ቀን ከወረዳው ከተማ የገበያ ቀን ጋር ማገናኘት ይበጃል፤ ከሩቅ ቀበሌ የሚመጣው አባል ለገበያው መምጣቱ ስለማይቀር ምልዓተ ጉባኤ ይሟላል። ሐምሌ ላይ ጤፍ በሚዘራበት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አጨዳና ውቂያ በሚበዛበት ወቅት ረጅም ስብሰባ መጥራት አባላቱን ማስቀረት ነው።

ለጸሐፊነት የጽሑፍ ፍርሃት የሌለበትን ሰው ይምረጡ። ቃለ ጉባኤ ሲጻፍ «ሰፊ ውይይት ተደርጎ የጋራ ግንዛቤ ተይዟል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ከመዝገባችሁ ይጥፋ። በምትኩ ማን ምን እንደ ጠየቀ፣ ኃላፊው ምን ብሎ እንደ መለሰ፣ ምን እንደ ተወሰነ፣ ማን እስከ መቼ እንደሚፈጽመው ይጻፍ። የተለየ ሐሳብ ያለው አባል ሐሳቡ በስሙ እንዲመዘገብለት የመጠየቅ መብት እንዳለው ከመጀመሪያው ቀን ይነገር።

ሪፖርትን እንዴት ያነቡታል?

የጽሕፈት ቤቶች የሩብ ዓመት ሪፖርት በመቶኛ የተሞላ ነው። 90 በመቶ ተከናውኗል የሚል መስመር ሲያዩ በመጀመሪያ የሚጠይቁት «ከስንቱ ነው 90 በመቶ?» የሚለውን ነው። 10 ምንጭ ለማጎልበት አቅዶ 9 የሠራ ጽሕፈት ቤትና 30 አቅዶ በዓመቱ አጋማሽ ዕቅዱን ወደ 10 ከከለሰ በኋላ 9 የሠራ ጽሕፈት ቤት በሪፖርት ላይ አንድ ሆነው ይታያሉ። ስለዚህ ምክር ቤቱ በዓመቱ መጀመሪያ ያጸደቀውን ዕቅድ ሁልጊዜ ከሪፖርቱ ጎን ለጎን ዘርግተው ያንብቡ።

ከዚያም ሥራውን ከውጤቱ ይለዩ። «ለ400 አባ ወራዎችና እማ ወራዎች ግንዛቤ ተፈጥሯል» የሚል ሪፖርት ቢቀርብ የተነገራችሁ ስብሰባ መደረጉ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስንቶቹ መጸዳጃ ቤት ቆፈሩ፣ ስንቶቹ የጤና መድን መዋጮ ከፈሉ የሚለውን አልነገራችሁም። «በሂደት ላይ ነው» የሚለውም ቃል በባለፈው ሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ እንደዚሁ ተጽፎ እንደሆነ ወደ ኋላ ተመልሰው ይዩ። በተከታታይ ሦስት ሪፖርት «በሂደት ላይ» የሆነን ሥራ እኔ እንደ ቆመ ሥራ ቆጥሬ ምክንያቱን እጠይቅ ነበር፤ ብዙ ጊዜም አልተሳሳትሁም።

እንዲህ እያነበቡ ጥያቄዎችዎን በማስታወሻ ደብተር ይጻፉ። ከአምስትና ከስድስት አይብለጡ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ጥያቄ የአንድን ቦታ፣ የአንድን ዕቃ ወይም የአንድን ቀን ጉዳይ የሚያነሣ ይሁን። የመስክ ጉዞው ዝርዝር የሚወጣው ከእነዚህ ጥያቄዎች ነው።

የመስክ ምልከታ

የኮሚቴው ዋና ሥራ ይህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

መስክ ሲወጡ የሚሄዱበትን ቀበሌ ራሳችሁ ምረጡ። ምርጫውን ለጽሕፈት ቤቱ ከተዋችሁት የሚያሳያችሁ ለመኪና መንገድ ቅርብ የሆነውንና ያማረውን ነው። እኛ አንድ ከመንገድ ዳር፣ አንድ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ የሚያስኬድ፣ አንድ ደግሞ አቤቱታ የመጣበት ቀበሌ እንመርጥ ነበር። ለጽሕፈት ቤቱ የጉዞውን ቀን ማሳወቅ ተገቢ ነው፤ ባለሙያ አብሮ ቢሄድ ስለ ቴክኒኩ ያስረዳል። የትኛው ጎጥ እንደሚታይ ግን እዚያው ደርሳችሁ ወስኑ።

አንድ ጊዜ የውኃ ተቋማትን ለማየት ወጣን። በሪፖርቱ ላይ «አገልግሎት እየሰጡ ያሉ» ተብለው ከተዘረዘሩት መካከል በአፍሪዴቭ የእጅ ፓምፕ የሚሠራ አንድ የጉድጓድ ውኃ ነበረበት። ስንደርስ አጥሩ ያማረ፣ በሩም የተቆለፈ ነው። ቁልፉ ከውኃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ቤት እስኪመጣ ድረስ ጀሪካን አዝለው ቁልቁል ወደ ወንዙ የሚወርዱ እናት አየንና አስቆምናቸው። «እናቴ፣ ከዚህ የማይቀዱት ለምንድን ነው?» ብንላቸው ጀሪካኑን ከጀርባቸው ሳያወርዱ «ልጄ፣ ይሄማ ከጥምቀት ወዲህ ጠብ አላለም» አሉን። ወሩ ሚያዝያ ነበር። በሩ ተከፍቶ የፓምፑን እጀታ ስንገፋው ያለ ምንም ክብደት ከላይ ታች ይላል፤ ውኃ የለም። ቴክኒሻኑ እንዳስረዳን የተበላሸው ከውስጥ ያለው ጎማ ነው፤ ዕቃው ትንሽ ነው፤ የጎደለው ገዝቶ የሚያመጣውና የሚገጥመው ሰው ብቻ ነው። የውኃ ኮሚቴውን የገንዘብ መዝገብ አስመጥተን ብናየው መዋጮው ተሰብስቦ ተቀምጧል፤ ዕቃው ግን በወረዳው ከተማ ስለማይሸጥ ማንም ሳይጠይቅ፣ ማንም ሳይላክ ሦስት ወር አልፏል። እኒያ እናት ሦስቱን ወር ወንዝ ሲወርዱ ከርመዋል፤ በሪፖርቱ ላይ ያ ጉድጓድ አገልግሎት ይሰጣል። እስከ ዛሬ ድረስ ይህን ባሰብሁ ቁጥር ያመኛል፤ ምክንያቱም ያን ሪፖርት ጉባኤው ላይ እጄን አውጥቼ ካጸደቁት አንዱ እኔ ነበርሁ።

ከዚህ የሚወሰደው አሠራር ግልጽ ነው። ተቋሙን በዓይን ከማየት አልፈው ይሞክሩት፤ ፓምፑን ይግፉ፣ ቧንቧውን ይክፈቱ፣ መማሪያ ክፍሉ ውስጥ ገብተው ወንበሩን ይቁጠሩ። ከኃላፊው በፊት ተጠቃሚውን ያነጋግሩ፤ ሲያነጋግሩም የቀበሌው ሊቀ መንበርና ባለሙያው ትንሽ ራቅ ይበሉ፤ ሰው በፊታቸው እውነቱን ለመናገር ይቸገራልና። ሴቶችን ለብቻ ይጠይቁ፤ ውኃ የሚቀዱት፣ ልጅ ታቅፈው ጤና ጣቢያ የሚሄዱት፣ የወፍጮ ቤቱን ወረፋ የሚጠብቁት እነርሱ ናቸው።

ጤና ጣቢያ ሲገቡ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆኑ ታካሚዎችን ያነጋግሩ። በየዓመቱ መዋጮውን የከፈለ ገበሬ ምርመራ አግኝቶ መድኃኒቱን ከግል መድኃኒት ቤት በራሱ ገንዘብ እንዲገዛ ከተላከ በሚቀጥለው ዓመት መዋጮውን ለማደስ ልቡ አይፈቅድም። የመድኃኒት ክምችቱን ቢን ካርድ፣ ማለትም ገቢና ወጪው የሚመዘገብበትን ካርድ፣ ያስቀርቡና አንድ ብዙ የሚፈለግ መድኃኒት መርጠው ካርዱ ላይ የተጻፈውን ከመደርደሪያው ላይ ካለው ጋር ያመሳክሩ። ሁሉንም መቁጠር አይጠበቅባችሁም፤ ሁለት ሦስቱ ትክክል ሆነው ከተገኙ መዝገቡ እንደሚታመን፣ ካልተገኙም ኦዲተር መጠራት እንዳለበት ያሳያሉ። ለትምህርት ቤት የተገዛ ወንበር ወይም ለግብርና የተገዛ ዕቃ ከሆነም እንዲሁ ንብረቱ ገቢ የሆነበትን ቅጽ (ሞዴል 19) እና የወጣበትን ቅጽ (ሞዴል 22) አስቀርበው ቁጥሩን ከሚያዩት ጋር ያስተያዩ።

በግብርናው በኩል ወቅቱን ማወቅ ይጠቅማል። ስለ አፈር ማዳበሪያ ሥርጭት በነሐሴ መጠየቅ ያለፈውን ዓመት መጠየቅ ነው፤ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኑ ለመሠረታዊ ማኅበራቱ ምን ያህል ኩንታል እንዳደረሰ፣ ማኅበሩስ በየትኛው የስም ዝርዝር እንደሚያድል ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ መታየት አለበት። እንደ ስናንና ጎዛምን ባሉ አሲዳማ አፈር በበዛባቸው ደጋ አካባቢዎች ደግሞ የግብርና ኖራ ጉዳይ የራሱ ክትትል ይፈልጋል። ኖራ ለአንድ ሄክታር በአሥራዎች ኩንታል የሚቆጠር መጠን ስለሚያስፈልገው ከግዢው ይልቅ ማጓጓዙ ይከብዳል። ስለዚህ ኮሚቴው ኖራው ወደ ወረዳው መጋዘን በመግባቱ ሳይረካ ከመዝሪያው በፊት ማሳ ላይ መድረስ አለመድረሱን ይከታተል፤ ዝናብ የነካው ኖራ ጓል ሆኖ ይቀራል።

ስለ ምሳ አንድ ቃል ልበል። የጎጃም ሰው እንግዳ ሳያበላ መሸኘትን ይጠላል፤ ቀበሌው በግ ሊያርድላችሁ ይችላል። ግብዣውን በአክብሮት ለሌላ ቀን አስተላልፋችሁ ስንቃችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል። የበግ ሥጋ በልቶ የቀበሌውን ጉድለት መጻፍ ለብዙ ሰው ይከብዳል።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአካባቢያችን በተፈጠረው ግጭት ምክንያት ወደ ብዙ ቀበሌዎች መጓዝ አስቸጋሪ ሆኖ ቆይቷል። መንገድ በማይሞከርበት ጊዜ ማንንም ለአደጋ ማጋለጥ አይገባም፤ ከየቀበሌው ወደ ገበያ የሚመጡ ሰዎችን ማነጋገር፣ ለርእሰ መምህራንና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስልክ መደወል ይቻላል። በሪፖርቱ ላይ ግን በዓይን የታየውና በስልክ የተሰማው ተለይቶ ይጻፍ።

ግኝቱን መጻፍ

ከመስክ በተመለሳችሁ በሦስት ቀን ውስጥ ተሰብስባችሁ ጻፉ፤ ከዚያ ካለፈ የየቀበሌው ነገር እርስ በርሱ ይደባለቃል። «በአንዳንድ ቀበሌዎች የውኃ ተቋማት ብልሽት ይታያል፤ ወደፊት ቢስተካከል» ብሎ መጻፍ ማንንም አያስገድድም። ከላይ ስለ ተረክሁት ጉድጓድ የጻፍነው የቀበሌውንና የጎጡን ስም ጠቅሶ፣ ፓምፑ ከጥር ጀምሮ መቆሙን፣ የተበላሸው ጎማ መሆኑን፣ የውኃ ኮሚቴው በእጁ ገንዘብ እንዳለ ገልጾ፣ የውኃ ጽሕፈት ቤቱ እስከ ግንቦት 15 ቀን ዕቃውን አስገዝቶ እንዲያስገጥምና ለኮሚቴው በጽሑፍ እንዲያሳውቅ የሚል ነበር። የውሳኔ ሐሳብ ባለቤትና ቀን ሊኖረው ይገባል።

ረቂቁን ለምክር ቤቱ ከማቅረባችሁ በፊት ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሰጥታችሁ ምላሹን ተቀበሉ። አንዳንድ ጊዜ ኃላፊው እናንተ ያላያችሁት በቂ ምክንያት ይኖረዋል፤ ገንዘቡ ከክልል ዘግይቶ ሊሆን ይችላል፣ ባለሙያው ለቆ ሊሆን ይችላል። ምላሹም በሪፖርቱ ውስጥ ይካተት። ሰውን በጉባኤ ፊት ባላሰበው ነገር ማዋረድ የኮሚቴው ሥራ አይደለም።

በጀት

የወረዳ በጀት የሚገነባው ወረዳው ከሚሰበስበው ገቢና ክልሉ በቀመር ከሚያከፋፍለው ጥቅል ድጎማ ነው። አብዛኛው ለደመወዝ ይውላል፤ ለሥራ ማስኬጃና ለካፒታል የሚተርፈው ጥቂት ስለሆነ የኮሚቴው ዓይን ያርፍ ዘንድ የሚገባው በዚያ ጥቂት ላይ ነው። ከገንዘብ ጽሕፈት ቤት አራት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ይጠይቁ፤ የጸደቀው፣ ከዝውውር በኋላ የተስተካከለው፣ ወጪ የሆነውና ቀሪው። ከጸደቀው ወደ ተስተካከለው ሲኬድ ከአንዱ ጽሕፈት ቤት ተነሥቶ ወደ ሌላው የሄደ ገንዘብ ካለ ማን እንደ ፈቀደውና ለምን እንደሆነ ይጠይቁ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ በሰኔ ውስጥ የተፈጸሙ ግዢዎችን ለይቶ ማየት ልማድ ይሁን፤ ገንዘቡ እንዳይመለስ ተብሎ በጥድፊያ የተገዛ ዕቃ ብዙ ጊዜ የማይፈለግ ወይም ገና ያልቀረበ ሆኖ ይገኛል።

ገቢውንም እንዲሁ። የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ሲሰበሰብ ገበሬው ደረሰኝ ማግኘቱን፣ የመሬት ይዞታው መጠን በትክክል መመዝገቡን ይጠይቁ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በዐዋጅ ሲመጣ በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት በኩል ገበሬው ያመፀው ከግብሩ መጠን ይልቅ «መሬታችን ሊለካ፣ ርስታችን ሊነካ ነው» በሚል ሥጋት ነበር፤ ሥጋቱን የሚሰማው አካል ስላልነበረ ነገሩ ጦር እስከ መዝመት ደረሰ። የግብር ጥያቄ ሲነሣ የቀበሌውን ሰው አስቀድሞ ሰብስቦ ማዳመጥ የበጀት ኮሚቴው ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ።

የማይገባዎት ሥራ

ኮሚቴው ይጠይቃል፣ ያረጋግጣል፣ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፤ ለሠራተኛ ትእዛዝ አይሰጥም፣ ቅጣት አይቀጣም፣ በፍርድ ቤት የተያዘ የመሬት ክርክር ውስጥ አይገባም። የሚጣራው የጽሕፈት ቤት ኃላፊ አበልጅዎ፣ ማኅበርተኛዎ ወይም ዘመድዎ ከሆነ ይህንኑ ለሰብሳቢው አስታውቀው በዚያ ጉዳይ ላይ ለሌላ አባል ቦታውን ይልቀቁ፤ በቃለ ጉባኤም ይመዝገብ። እንደኛ ባለ ሁሉም በተዛመደበት አገር ይህ በየጊዜው የሚያጋጥም ስለሆነ ማንም ሊያፍርበት አይገባም።

ከጉባኤው በኋላ

ሪፖርቱን በጉባኤ ሲያቀርቡ ሁሉንም አያንብቡ፤ ሦስቱን ዋና ግኝቶች ከነውሳኔ ሐሳባቸው ተናግረው ድምፅ ይጠይቁባቸው። ድምፅ ያልተሰጠበት የውሳኔ ሐሳብ አስተያየት ሆኖ ይቀራል፤ የጸደቀው ግን የምክር ቤቱ ውሳኔ ስለሆነ አፈ ጉባኤው በደብዳቤ ለአስተዳዳሪው ይልከዋል። የዚያን ደብዳቤ ቁጥርና ቀን በኮሚቴው ፋይል ውስጥ ያስቀምጡ።

ቀነ ገደቡ ሲደርስ አንድ አባል ብቻውንም ቢሆን ወደ ቦታው ይመለስ። እኛ በግንቦት መጨረሻ ወደዚያ ጉድጓድ ስንመለስ ጎማው ተቀይሮ ነበር፤ ነገር ግን የገጠመው የወረዳው ቴክኒሻን ስለሆነ በጎጡ ውስጥ መጠገን የሚችል ሰው አሁንም የለም። ስለዚህ በሚቀጥለው ሪፖርት ላይ በየቀበሌው ሁለት ሰዎች፣ አንዷ ሴት ሆና፣ ጥገና እንዲሠለጥኑና መለዋወጫውም በወረዳው እንዲቀመጥ የሚል አዲስ የውሳኔ ሐሳብ አቀረብን። ውሳኔውንም ለቀበሌው ሕዝብ በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ አነበብንለት፤ ሰው በስሙ የተወሰነለትን ሲሰማ ራሱ ይከታተላል።

የምርጫ ዘመኑ ሊያበቃ ሲል የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤዎች፣ የመስክ ማስታወሻዎችና ያልተፈጸሙ ውሳኔዎች ዝርዝር በአንድ ፋይል አድርጋችሁ በገጽ ቁጥር ቆጥራችሁ ለአፈ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት በፊርማ አስረክቡ። አዲሱ ኮሚቴ በመጀመሪያው ስብሰባው ያንን ዝርዝር እንዲያነብ በርክክብ ደብዳቤው ላይ ይጠቀስ።